ልጅቷን ያህል ሽምብራ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ሕፃኑን እንዳቀፍሽ እዚህ ፀሐይዋ ላይ ተቀመጪ፤ ጀርባሽን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጊው። ማጥባትሽን አታቋርጪ፣ ወሬው አይሸሽም። ዛሬ የማወራችሁ የጠጅቱን ነው።

ጠጅቱ በደርግ ጊዜ፣ ያኔ ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ ሰልፍ በሆነበት ዘመን፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ የቆርቆሮ አጥር ባለው አንድ ግቢ የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ፍሰሐ የመንግሥት ቀያሽ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ልትወለድ ስትል «ለሰፈራ ጣቢያ መሬት ትለካለህ» ተብሎ ወደ ኢሉባቦር ተላከ። «ለክርስትናው እደርሳለሁ» አለና ሚስቱን ለእናቱ ለእማማ ለተ ሚካኤል አደራ ብሎ ሄደ።

ልጅቷ ተወለደች። እልል ተባለ፣ ገንፎውም ተበላ። ልጅቷ ግን ትንሽ ነበረች። ምን ያህል ትንሽ ብትሉኝ፣ የተጠቀለለችበት ነጠላ ከእሷ ይገዝፍ ነበር። ሰው ሊያያት ሲመጣ ጨርቁን ገለጥ፣ ደግሞ ገለጥ፣ ደግሞ ገለጥ ያደርግና በስተመጨረሻ አንዲት ፊት ያገኛል። ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ድምፅ ወደሰማችበት ዞር ትላለች፣ ጡት ስትይዝም እንደ ትልቅ ሰው ቅንድቧን ቋጥራ ነው።

እማማ ለተ ሚካኤል ገና በልጅነታቸው ከእንደርታ የመጡ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገራቸው ሁሉ ቁርጥ ያለ ሴት ናቸው። ደጃፋቸው ላይ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በዚህ ቤት ልጅ አይሞገስም። አራስ ልትጠይቅ የገባች ሁሉ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ይህን የምትሰማው። እንግዶቹም ወጉን አይስቱም፤

«ደግሞ ይቺን ብሎ ልጅ!»

«ምን ታስጠላለች በማርያም!»

«አንቺ፣ አይጥ ነው እንዴ የወለድሽው?» እንትፍ፣ እንትፍ።

ይህ እንግዲህ ከፍቅር ነው፤ የሰው ዓይን እንዳያገኛት። ጠጅቱም ታውቀዋለች። እሷ ራሷ ስንቱን የሰው ልጅ «ዝንጀሮ» ብላ፣ ስማ ወጥታለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ወፍራም ልጅ የወለደች እናት «አይጥ» ስትባል ትስቃለች። በእርግጥም ትንሽ የወለደችውስ? ጠጅቱ እንግዳውን ከሸኘች በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና፣ «ይቺ ሴትዮ ለወጉ ነው ያለችው ወይስ የእውነቷን ነው?» እያለች ታሰላስላለች። ልጄ ትንሽ ሆና ደህና ናት? ወይስ ትንሽ የሆነችው እየተራበች ነው? በሰፈሩ ሙሉ ይህንን የሚነግራት አንድ አፍ አልነበረም። «ደህና ናት» ማለት ማሞገስ ነዋ!

በዚያ ላይ አያንቱ አለች። በአንድ ግድግዳ የምትጎራበታት አያንቱ በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ሚደቅሳ ይባላል። ሚደቅሳ ልጅ አይደለም፣ ትራስ ነው። አንገት የሚባል ነገር የለውም፤ ክንዱ ላይ ክር የታሰረ ይመስል ሥጋው እጥፍ እጥፍ ይላል። አያንቱ ግንባሩን ጥላሸት ትቀባውና ታወጣዋለች። «ይሄ ከሲታ! ይሄ አጥንት!» ትላለች፣ ክንዷ በክብደቱ እየዛለ።

አንድ ረፋድ ሁለቱ አራሶች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሲያጠቡ፣ አያንቱ የጠጅቱን ልጅ አየት አደረገችና፣

«ስሚ ጠጅቱ፣ ጡትሽ ጎደል ሲልብሽ ስጪኝ፣ እኔ ላጥባት» አለች። «የኔ እንደሆነ ለዚህ ጎረምሳም ተርፎ ልብሴን እያበላሸ ነው።»

ከልቧ ነው ያለችው፤ አያንቱ ክፋት አታውቅም። ጠጅቱ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ጡቴ አልጎደለም» አለችና ልጇን ይዛ ገባች። ገብታም አለቀሰች።

ለምን እንዳለቀሰች ልንገራችሁ። ጠጅቱን እናቷ በወለደቻት ዕለት ነው የሞተችባት። ከዚያ በኋላ ያሳደጓት እጆች ብዙ ናቸው። አንዷ ጎረቤት ከልጇ ቀንሳ ታጠባታለች፣ አንዷ አክስት ወተት በጣቷ ጠብ ታደርግላታለች፤ የቻለ ሁሉ እየተቀባበለ አሳደጋት። ሁሉም ደግ ሰዎች ነበሩ፣ እሷም አትረሳቸውም። ግን ያረገዘች ዕለት በልቧ አንድ ነገር ምላለች፤ የኔ ልጅ ከኔ ትጠግባለች፣ ብላ።

እማማ ለተ ሚካኤልም ዝም አላሉም። አጥሚቱ በጠዋት፣ የአብሽ ውሃው በምሳ ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ አጥሚት። «ጠጪ ጓለይ» ይላሉ፤ በአገራቸው ቋንቋ ልጄ ማለታቸው ነው። ጠጅቱ ትጠጣለች። ሆዷ እንደ ከበሮ እስኪነፋ ትጠጣለች። ልጅቷ ግን ቀስ በቀስ እንጂ እንደ ሚደቅሳ በአንዴ አልወፈረችም።

ታዲያ አንድ ቀን እማማ ለተ ሚካኤል ከተክለ ሃይማኖት ሲመለሱ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አንድ ጡጦ አወጡ።

«ምንድን ነው እሱ እማማ?»

«ጡጦ ነዋ፣ አታውቂውም? ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ላም ያላትን ሴትዮ አነጋግሬያለሁ።»

«እማማ... ጥቂት ቀን ይታገሱኝ። እባክዎ።»

እማማ ለተ ሚካኤል ልጅቷን አዩ፣ ጠጅቱን አዩ።

«እስከ ሚካኤል እታገስሻለሁ» አሉ። «እስከ ሚካኤል ለውጥ ካላየሁ ግን ወተቱ በዚህ ጡጦ ይመጣል። የልጄን ልጅ በረሃብ አልቀጣም።»

ከዚያ ጡጦውን አጥበው፣ አፍልተው፣ ብፌው አናት ላይ አቆሙት። ጠጅቱ በገባች በወጣች ቁጥር ከላይ ሆኖ ያያታል።

በማግስቱ ልጇን አቅፋ ጤና ጣቢያ ሄደች። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ነርሷ ግን የተረጋጋች፣ ደህና ሰው ናት። ልጅቷን አገላብጣ አየቻት፣ እግሯን ሳብ አድርጋ ለቀቀቻት፤ ልጅቷም እግሯን መልሳ ሰበሰበችና ተቆጣች።

«ጨርቅ ታረጥባለች?»

«ኧረ ሲስተር! የግቢው ገመድ ሁሉ የሷ ነው። ጎረቤት ማስጫ አጣሁ ብሎ ተጣልቶኛል።»

«ስትጠባ ስትውጥ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል። ከጠገበች በኋላ ደግሞ ጭብጧ ይፈታና ትተኛለች።»

«እንግዲያው ትንሽ ናት እንጂ ደህና ናት» አለች ነርሷ። «ትንሽነት በሽታ አይደለም። በፈለገች ቁጥር አጥቢያት፣ ሌላ ነገር አትጨምሪባት። ምን ያህል ናት አትበዪ፤ እየጨመረች ነው ወይ በዪ። ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

«መጨመሯን በምን አውቃለሁ?»

ነርሷ ጥግ ላይ የቆመውን ሚዛን አየችና ተነፈሰች። «እሱማ በዚህ ነበር፤ መርፌው ተጣብቆ ሠሪ እየጠበቅን ነው። በሚቀጥለው ወር ብቅ በዪ።»

በሚቀጥለው ወር! ሚካኤል ግን ከዚያ በፊት ነው።

ጠጅቱ እየተከዘች ስትመለስ የሳኒና የዘኪያ ሱቅ ደጃፍ ደረሰች። ሳኒና ሚስቱ ዘኪያ ከስልጤ የመጡ፣ ሰፈሩን ሁሉ በስሙ የሚያውቁ ባለሱቆች ናቸው። ያኔ መደርደሪያው ላይ ክብሪትና ሻማ፣ ጨውና በርበሬ ካልሆነ ብዙ ነገር አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ በቀበሌ ሱቅ ሆኗል። ከጣሪያው ላይ ግን ባለ ሁለት ሰሃኑ ትልቅ ሚዛን እንደተንጠለጠለ ነበር።

«ጋሽ ሳኒ፣ ሚዛንህ ይሠራል?» አለች ጠጅቱ።

«እሱማ ይሠራል፤ የሚመዘነው ነው የጠፋው። ምን ላድርግልሽ?»

«ልጄን መዝንልኝ።»

ሳኒ ሳቀ። እሷ አለመሳቋን ሲያይ ተወው። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? የቀበሌ ጥበቃ በዚህ ቢያልፍ ምን ይለኛል? ስኳር ደበቀ ሲሉኝ ከርመው አሁን ደግሞ ሕፃን በኪሎ ይሸጣል ሊሉኝ?»

«ዞር በል ወዲያ አንተ!» ዘኪያ ከጓዳ ወጣች። የጠጅቱን ፊት አንዴ ስታይ ነገሩ ገባት። «ነይ ግቢ። እማማ ለተ ሚካኤል ያውቃሉ?»

«ልጅ አይቆጠርም፣ አይመዘንም ይላሉ። ከሰሙ ያብዳሉ።» ጠጅቱ አንገቷን ደፋች። «እኔም ቁጥሩን መስማት እፈራለሁ፣ እውነቴን ነው። መጨመሯን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ዘኪያ ወገቧን ይዛ አሰበች፤ አሰበችና ከአገሯ የመጣላትን የሽምብራ ጆንያ ጎትታ አመጣች። ትልልቅ፣ ነጣ ያለ፣ ያማረ ሽምብራ ነው።

«ኪሎ አናስቀምጥም፣ ቁጥርም አንጠራም» አለች። «ልጅቷ በዚህ ሰሃን፣ ሽምብራው በዚያኛው። ቁጥር ካልተጠራ ዓይኑስ በምን ያገኛታል? አራስ ስጠይቅሽ ባዶ እጄን ነበር የመጣሁት፤ ሽምብራው የኔ ጥየቃ ይሁን።»

ጠጅቱ ቤቷ ደረስ ብላ ከስፌቷ ከተረፈ አቡጀዲ አንዲት ከረጢት ሰፍታ መጣች። ልጅቷን በነጠላ አድርገው በአንዱ ሰሃን አስተኟት፤ ዘኪያ እጇን ከሥር ደግና ቆመች። ሳኒ ከረጢቷን በሌላው ሰሃን አስቀምጦ ሽምብራውን በእፍኝ በእፍኝ ይጨምርባት ጀመር። የልጅቷ ሰሃን ቀስ እያለ ተነሳ፣ ተነሳ፣ ከዚያ ሁለቱ ሰሃኖች ትክክል ሆነው ቆሙ። ልጅቷ ጣሪያውን እያየች አዛጋች።

«በቃ» አለች ዘኪያ የከረጢቷን አፍ እያሰረች። «ይቺ ከረጢት የዛሬዋ ልጅሽ ናት። ሐሙስ ሐሙስ አምጫት። ያንኑ ነጠላ አልብሰሽ፣ ሳታጠቢያት። ነጋዴን ማታለል አይቻልም።»

ሐሙስ የሆነበት ምክንያት አለው። ሐሙስ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነው፤ እማማ ለተ ሚካኤል እንዝርታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ስብሰባ ወድደው እንዳይመስላችሁ፤ የቀረች ሴት የስኳር ተራዋ ይዘለላል ስለሚባል ነው።

የሚቀጥለው ሐሙስ ደረሰ። ልጅቷን በአንዱ፣ ከረጢቷን በሌላው አስቀመጡ። ጠጅቱ ማየት ፈርታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማሻአላህ!» አለች ዘኪያ።

ጠጅቱ ዓይኗን ገለጠች። የልጅቷ ሰሃን ወርዷል፤ ከረጢቷ ተንጠልጥላለች!

«ምነው አንቺ፣ ታሞግሻታለሽ?» አለ ሳኒ ደንግጦ።

«ለሽምብራው ነው ያልኩት!» አለች ዘኪያ። «ለሽምብራዬ ማሻአላህ ማለት ተከልክሏል?»

አንድ እፍኝ ጨመሩበት፤ ሚዛኑ ትክክል ሆነ። ጠጅቱ ያቺን እፍኝ ሽምብራ ስታይ ምን እንደተሰማት በምን ልንገራችሁ? ከራሷ ደረት የወጣ እፍኝ ነው። ማንም ያላዋጣበት፣ ከማንም ያልተቀበለችው።

ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ አዲስ ቋንቋ ተፈጠረ። ጠጅቱ በሱቁ ስታልፍ ሳኒ፣ «ሽምብራው እንዴት አደረ?» ይላል። «ጠግቦ አደረ» ትላለች እሷ። በሌላውም ሐሙስ ልጅቷ አሸነፈች፤ እፍኝ ተጨመረ። ጠጅቱ ከረጢቷን ማድ ቤት ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ አጥሚቷን ስትጠጣ ቀና ብላ ታያታለች። ጀርባዋ ቀና አለ። አያንቱ «ያ ከሲታዬ ዛሬም ጡቴን ጨረሰው» ስትላት አሁን ትስቃለች።

ሚካኤል ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው ያለው ሐሙስ ግን ጉድ ይዞ መጣ።

ልጅቷን አስቀመጧት። ከረጢቷን አስቀመጧት። ከረጢቷ ዱብ ብላ ወረደች፤ ልጅቷ ወደ ላይ ተንጠለጠለች።

ሳኒ ሰሃኖቹን በጨርቅ ጠረጋቸው። አቀያይሮ መዘናቸው። ያው ነው።

«ነጠላውን ቀይረሻል?» አለች ዘኪያ በዝግታ።

«ያው ነው።»

«ታማ ነበር? አስመልሷት ነበር?»

«ምንም አልሆነችም። ምንም!» አለችና ጠጅቱ ልጇን አንስታ፣ ከረጢቷን በሌላ እጇ ይዛ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች።

ቤት ስትገባ ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና በቀጥታ ወደ ብፌው ሄደች። በጣቷ ጫፍ ቆማ ጡጦውን አወረደችው። እማማ ለተ ሚካኤል ከስብሰባ ሲመለሱ ያገኟት ጡጦውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልጅቷን አቅፋ፣ እንባዋ ዝም ብሎ ሲወርድ ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«እማማ፣ ወተቱን ያስመጡ።»

እማማ ለተ ሚካኤል «ይኸው አላልኩሽም?» አላሉም። እንዝርታቸውን አስቀመጡና አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ሚካኤል ገና ነው እኮ ጓለይ።»

«አልበቃኋትም። ቀንሳለች።»

«መቀነሷን ማን ነገረሽ?»

ጠጅቱ መደበቅ አልቻለችም። ነርሷ ያለችውን፣ ሚዛኑን፣ ሐሙስን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። እማማ ለተ ሚካኤል «መዘናችኋት» የሚለውን ሲሰሙ ብድግ አሉ፣ «ሽምብራ» የሚለውን ሲሰሙ ግን መልሰው ቁጭ አሉ።

«የትኛው ሽምብራ?»

«ያ ጠረጴዛው ላይ ያለው።»

«ያ ማድ ቤት ሚስማር ላይ የነበረው?»

«አዎ።»

እማማ ለተ ሚካኤል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይ እኔ! ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ለክርስትናው ቆሎ የምታጠራቅሚ መስሎኝ! በየሳምንቱ እፍኝ ሲጨምር አይቼ፣ ምራቴ ቤቷን ታውቃለች ብዬ ደስ ብሎኝ... ትናንት ከገበያ የገዛሁትን ጨመርኩበት!»

ጠጅቱ ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

«ምን ያህል ጨመሩበት?»

«እኔ ምን አውቄ? እጄ ለልጅ ልጄ ሲሆን መች ይሰፍራል!»

ጠጅቱ መጀመሪያ አለቀሰች ይሁን ሳቀች እሷም አታውቀውም። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ያደረገችው። ጡጦው ከጭኗ ተንከባሎ አልጋ ሥር ገባ፤ የፈለገውም የለም።

«ሰፌድ አምጪ!» አሉ እማማ ለተ ሚካኤል፤ ቁጣው ተመልሶላቸዋል። «የዘኪያ ሽምብራ ትልቁና ነጩ ነው፤ የኔ ትንሹና ቀዩ ነው። ይለቀማል። አንቺ አያንቱ! የት አለሽ? ጣት ያለው ሁሉ ይምጣ!»

አያንቱ ሚደቅሳን አዝላ መጣች። ሦስቱ ሴቶች ሰፌዱን ከበው ቀዩን ከነጩ ይለቅሙ ጀመር። ነገሩ ሲነገራት አያንቱ በሳቅ ወደቀች፣ ሚደቅሳ ጀርባዋ ላይ እየተናጠ።

«በትልቅ ሰው አይሳቅም እንጂ እማማ፣ የልጅ ልጅዎን በሽምብራ ሊጥሏት!»

«ዝም ብለሽ ልቀሚ።»

እየለቀሙ ሳለ እማማ ለተ ሚካኤል ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉ።

«የመጀመሪያ ልጄ ሓይሎም ይባል ነበር። እንደዚህ እንደ አያንቱ ልጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይዤው ስሄድ ያላሞገሰው አልነበረም፤ 'እንዴት ያለ ልጅ ነው፣ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው' ይሉኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።» አንዲት ቀይ ሽምብራ አንስተው ለይተው አስቀመጡ። «ጥርስ ሳያወጣ ነው የሄደብኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ጆሮዬ ሙገሳ የማይችለው።»

አያንቱ ሳቋን ዋጠች፤ ሚደቅሳን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ጠጅቱ ሰፌዱ ላይ ያለውን እጃቸውን ያዝ አድርጋ ለቀቀች። ያን ቀን ነው ሕጉ ከየት እንደመጣ የገባት።

ለቅመው ሲጨርሱ እማማ ለተ ሚካኤል ተነሱ፣ ነጠላቸውን ለበሱ።

«በሉ ቅደሙ። ያንን ሚዛን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

በመንገዱ ላይ እማማ ለተ ሚካኤል ከረጢቷን እንደ ታቦት አክብረው አቅፈው፣ ጠጅቱ ልጇን፣ አያንቱ ሚደቅሳን ይዘው ተከታትለው ሲሄዱ ያየ ሁሉ ቀበሌ ሰልፍ የጠራ መስሎት ነበር። ሳኒ እማማን ከሩቅ ሲያይ ወደ ጓዳ ሊሸሽ ቃጣው።

«የት ትሄዳለህ? ና መዝን!» አሉት።

ዘኪያ ልጅቷን በሰሃኑ አስተኛቻት፤ እጇን ከሥር ደገነች። ሳኒ ከረጢቷን አስቀመጠ። ጠጅቱ በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም። የልጅቷ ሰሃን ረጋ ብሎ፣ እንደ እመቤት ሳይቸኩል፣ ወረደ። ወረደና እዚያው ተቀመጠ። ሳኒ አንድ እፍኝ ጨመረ፤ አልተነሳም። ሌላ ግማሽ እፍኝ ሲጨምር ገና ትክክል ሆነ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ የእማማ ለተ ሚካኤልን አፍ ያይ ጀመር። እሳቸው ልጅቷን አዩ፤ ልጅቷም እሳቸውን አየች። የሆነ ነገር ሊወጣቸው ደርሶ ነበር፤ ያዝ አደረጉት። ወደ ሌላው ሰሃን ዞሩና ከረጢቷን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«አንተ ሽምብራ!» አሉ። «እንዴት ያለህ ጎበዝ ነህ! እንዴት ያለህ የተባረክ፣ የጠገብክ፣ እናትህን ያኮራህ ሽምብራ ነህ!»

ከዚያ ማን ይያዘው። «ይሄ ሽምብራ ያምራል!» አለች ዘኪያ። «ዓይኑ እንዴት ንቁ ነው ይሄ ሽምብራ!» አለ ሳኒ። አያንቱ ደግሞ ሚደቅሳን ወደ ጠጅቱ ዘረጋችው፤ «ላጥባልሽ ያልኩሽን ተይው እህቴ። ይሄንን ጎረምሳ አንቺ አጥቢልኝ፤ እኔ ደክሞኛል።»

ጠጅቱ ልጇን ከሰሃኑ አነሳችና እዚያው የሽምብራ ጆንያው ላይ ተቀምጣ አጠባቻት። ልጅቷ ቅንድቧን ቋጥራ ያዘች፤ መዋጧ ይሰማል። ጠጅቱ ቀና ብላ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ፊቷ ከነገሥታት ፊት ያላነሰ ነበር።

ጡጦው? እማማ ለተ ሚካኤል ከአልጋ ሥር አውጥተው የልደታን ጠበል ሞሉበት። እስከ ዕለተ ሞታቸው የጠበል ዕቃቸው እሱ ነበር።

ሚካኤል አለፈ፣ ሐሙሶቹም አለፉ፣ ከረጢቷ ሞላች። ክርስትናው ሲደርስ አያንቱ «ሽምብራውን ንፍሮ እንቀቅለው?» ብትል እማማ ሊመቷት ነበር። «ንፍሮ የለቅሶ ነው! ቆሎ ይሆናል!» ተቆላ። የዚያን ዕለት በግቢው የተሰበሰበ ሁሉ ልጅቷን ያህል ሽምብራ በእፍኝ በእፍኝ እየተካፈለ በላ። ልጅቷም ወለተ ሥላሴ ተብላ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች።

ፍሰሐ እንደ ቃሉ ደረሰ። የኢሉባቦር ጭቃ ከጫማው ሳይለቅ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ልጁን ከጠጅቱ እጅ ተቀበለ። ጨርቁን ገለጥ፣ ደግሞ ገለጥ፣ ደግሞ ገለጥ አደረገ።

«ልጄ!» አለ ጮክ ብሎ። «እንዴት ታምራለች!»

እማማ ለተ ሚካኤል እንደ ወጣት ተስፈንጥረው ተነሱና አንድ እፍኝ ቆሎ በልጃቸው አፍ ሞጀሩበት።

«ምንድን ነው የሚያምረው?» አሉት።

ፍሰሐ እያኘከ ሚስቱን አያት። ጠጅቱ በዓይኗ ወደ ቆሎው ሳህን ጠቆመችው።

«ቆ... ቆሎው» አለ።

«እሱን በል!» አሉ እማማ፤ እልልታውም ቀለጠ።

ወለተ ሥላሴ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ቁመቷ ከሚደቅሳ ደረት አያልፍም። ድምፅዋ ግን ጌጃ ሰፈር ስትጣራ ልደታ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ሽምብራ እናቷ ያላስቆላቻት አንዲት እፍኝ አለች፤ ለዚያች ለመጀመሪያዋ ሐሙስ እፍኝ መታሰቢያ። በአቡጀዲ ከረጢቷ ውስጥ እስከ ዛሬ አለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንቺም ያንን ትንሽዬ ያቀፍሽው፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ትንሽ ልጅ አቅፋ ዓይኗ የሚንከራተት እናት ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፏት፤ ያቺን እፍኝ ሽምብራ አስታውሱልኝ።